«ማሽኑ ያው ነው»፦ የእጥበት ማዕከል ባለቤትና የኩላሊት ንቅለ ተከላ ወረፋ

ዘሩ ከአሌክሳንድሪያ፦
ቅዳሜ በዙም በተደረገው የማኅበረሰባችን የጤና ውይይት ላይ አንዱ ተናጋሪ «የዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ማዕከሉ የማንም ይሁን የማን፣ ማሽኑ ያው ነው፤ ቅርባችሁ ያለው ጋ ሂዱ» ሲል ደሜ ፈላ። ይህን ያህል ሰው ሰብስቦ እንዲህ ይባላል? እ.ኤ.አ. በ2019 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውን ጥናት አላየም ማለት ነው። ከ2000 እስከ 2016 አሜሪካ ውስጥ የታከሙ 1,478,564 ሰዎች፣ 6,511 ማዕከላት። ለትርፍ በሚሠሩት ማዕከላት የሚታጠቡት ለትርፍ ካልቆሙት ጋር ሲነጻጸሩ የንቅለ ተከላ ወረፋ መዝገብ ላይ የመግባት ዕድላቸው በ64 በመቶ፣ ከሕያው ለጋሽ ኩላሊት የማግኘት በ48 በመቶ፣ ከሟች ለጋሽ የማግኘት ደግሞ በ56 በመቶ ያንሳል። ማሽኑማ ያው ነው። ከማሽኑ የሚያወጣህ ማነው ነው ጥያቄው።

ሲስተር ማክዳ፦
ዘሩ፣ ቀስ በል። ሰውዬው የተናገረው ስለ ሕክምናው ነው። የውኃው ምርመራ፣ ማጣሪያው፣ የእጥበቱ በቂነት መለኪያ 1.2 መድረሱ፣ ሁሉም በሜዲኬር (በመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ደንብ ነው የሚለካው። ንቅለ ተከላ ክሊኒክ የሚልከው ኔፍሮሎጂስቱ (የኩላሊት ሐኪሙ) እንጂ ባለአክሲዮኑ አይደለም። 64 በመቶ ያልከውም የፍጥነት ንጽጽር ነው፤ በ5 ዓመት ውስጥ መዝገብ ላይ በመግባት ረገድ ያለው ልዩነት 13.2 የመቶኛ ነጥብ ነው። ደግሞ ለትርፍ ካልቆሙት ውስጥ ከዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ጋር የተያያዙ አሉ፤ ንቅለ ተከላ ክሊኒኩ እዚያው ግቢ ነው። ይሄ የቅርበት ጉዳይ ነው። ማንንም የከለከለ የለም።

ዘሩ ከአሌክሳንድሪያ፦
ከመቶ ሰው 13ቱ «ብቻ» ነው የቀሩት ማለትሽ ነው ሲስተር? እነዚያን 13 ሰዎች ሄደሽ «የፍጥነት ንጽጽር ነው» በያቸው።

የቢሊንጉ ሰው፦
«ማንንም የከለከለ የለም» የምትለዋን እንያዛት። ሜዲኬር በ2025 ለአንድ እጥበት ይከፍል የነበረው መነሻ 273 ዶላር ከ82 ሳንቲም ነበር። በሳምንት 3፣ በዓመት 156 ጊዜ፤ ማስተካከያው ሳይጨመር 42,716 ዶላር ገደማ። በዚህ ብቻ ወንበሩ ብዙ አያተርፍም። ትርፉ ያለው የአሠሪ ኢንሹራንስ ያለው ሰው ጋ ነው። ሕጉ 30 ወር ያንን ኢንሹራንስ ቀዳሚ ከፋይ ያደርገዋል፤ የሚከፍለው ደግሞ የሜዲኬርን እጥፍ ድርብ ነው። ታዲያ ሥራ ላይ ያለ፣ ኢንሹራንሱ ደህና፣ ዕድሜው ገና፣ ልቡ ጤነኛ፣ ይህ ማነው? ንቅለ ተከላ ክሊኒክ መጀመሪያ የሚቀበለው ሰው ነው። ቶሎ መሄድ ያለበትና ቶሎ ባይሄድ የሚመረጠው ደንበኛ አንድ ሰው ሆነው ቁጭ አሉ። ክልከላ ምን ያደርጋል? ዝም ማለት ይበቃል።

ሲስተር ማክዳ፦
ወለሉ ላይ ያለችው ነርስ የማን ኢንሹራንስ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ማወቅም አትፈልግም። 4 ሰው በአንዴ ይዛ ነው የምትሮጠው።

የቢሊንጉ ሰው፦
ስለ ነርሷ ማን አነሣ? «ኔፍሮሎጂስቱ ነው የሚልከው» ብለሻል። ኔፍሮሎጂስቱ በብዙ ቦታ የዚያው ማዕከል ሸሪክ መሆኑን፣ ድርሻ እንዳለው፣ ሜዲካል ዳይሬክተር ተብሎም እንደሚከፈለው ግን ዘለልሽው። ትልልቆቹ የእጥበት ኩባንያዎች ዳቪታም ፍሬዜኒየስም በዚህ ዓይነት ሽርክና ይሠራሉ፤ የተደበቀ ነገር አይደለም።

ጋሽ ምናሴ፦
ልጆች፣ ክርክሩ ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን፦ «የሚታጠቡት»፣ «እጥበት» የምትሉት ምንድነው? ሰው ጋቢ ነው እንዴ የሚታጠበው? የሚጣራው ደሙ ነው፤ ደም ማጣራት በሉት።

ዘሩ ከአሌክሳንድሪያ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ልክ ነዎት፤ ግን ሀገር ምድሩ «እጥበት» ነው የሚለው። «ደም ማጣራት» ካልንማ የላብራቶሪ ምርመራ ይመስላቸዋል።

ሲስተር ማክዳ፦
ወደ ነገሬ ልመለስ። ዝም የሚባልበት አሠራር የለም። እጥበት በተጀመረ በ45 ቀን ውስጥ የሚሞላው 2728 የሚባለው ቅጽ ላይ «በሽተኛው ስለ ንቅለ ተከላ ተነግሮታል?» የሚል ጥያቄ አለ። ካልተነገረው ምክንያቱ ይመረጣል፣ ሐኪም ይፈርማል። ለትርፍ የሚሠራውም የማይሠራውም ያንኑ ቅጽ ነው የሚሞላው።

ቤዛ (የንቅለ ተከላ አስተባባሪ)፦
ያቺን ሳጥን ባታነሺያት ይሻል ነበር። «ተነግሮታል» እንዴት እንደሚሞላ ሁላችንም እናውቃለን። ሰውዬው ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነው፣ ካቴተሩ አንገቱ ሥር፣ ግፊቱ ወርዶ እያቅለሸለሸው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ብሮሹር ብርድ ልብሱ ላይ ይቀመጥለታል። ሳጥኗ ትሞላለች። አለቀ።

መንገር ማለት ሪፈራሉን መላክ ነው፦ ቅጹ፣ የኢንሹራንስ ካርዱ ፊትና ጀርባ፣ የሐኪሙ የቅርብ ጊዜ ማስታወሻ፣ የወሩ የላብራቶሪ ውጤት። ከዚያ ክሊኒኩ ይደውላል። መቼ? በሥራ ሰዓት። ያኔ ሰውዬው ፊስቱላው ላይ (ክንዱ ላይ ለእጥበት የተሠራለት ደም ሥር) ሁለት መርፌ ተሰክቶ እጁን ማንቀሳቀስ አይችልም፣ ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ቁጥሩንም አያውቀውም። ብዙ ክሊኒክ ሁለት ሦስቴ ደውሎ ደብዳቤ ይልክና ፋይሉን ይዘጋል። ደህና ማዕከል የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ የበሽተኛውን የእጥበት ቀንና ሰዓት ሪፈራሉ ላይ ይጽፋል፣ የወንበሩን አካባቢ ስልክ ይሰጣል፣ «አማርኛ አስተርጓሚ» ብሎ ያሰምርበታል። የ5 ደቂቃ ሥራ ነው።

ሲስተር ማክዳ፦
ታዲያ ይሄ የሶሻል ወርከሯ (የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዋ) ሥራ እኮ ነው፣ እሷ ደግሞ መቶ ምናምን ሰው ይዛለች።

የቢሊንጉ ሰው፦
መቶ ምናምን ሰው የሰጣት ማነው? የፌዴራሉ ደንብ ማስተርስ ያላት ሶሻል ወርከር ትኑር ይላል እንጂ ለስንት ሰው አይልም። ስንት እንደሚሆን የሚወስነው ባለቤቱ ነው። ዞረሽ ዞረሽ እዚያው መጣሽ።

ሲስተር ማክዳ፦
እሺ፣ እንግዲህ የሁሉንም እናውጣ። ሪፈራል የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ብዙው ሰው የሚቀረው ቤዛ ጋ ከደረሰ በኋላ ነው። ለልብ ኤኮና ስትረስ ቴስት፣ ለአንጀት ኮሎኖስኮፒ፣ ለጡት ማሞግራም፣ የጥርስ ሐኪም ደብዳቤ። ክብደት ከቁመት ጋር የሚመዛዘንበት መለኪያ (ቢኤምአይ) ከ40 በላይ ነው፣ አንዳንዱ ጋ ከ35 በላይ ነው፣ ተመለስ። እጥበት ሁለቴ ቀርቷል፣ ተመለስ። ሆስፒታሉ የሚገመገመው ኩላሊት ተክሎ በአንድ ዓመት ውስጥ ስንቱ እንደሠራ ነው፤ ስለዚህ አስጊ የመሰለውን ሰው አይነካም። እሱም ነጥብ ይቆጥራል፣ ለትርፍ ባይሆንም።

ቤዛ፦
ይሄኛውን አልክድም። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ሜዲኬር የተመረጡ ሆስፒታሎችን በተከሉት ብዛት ጭምር መክፈልና መቅጣት የጀመረው ለዚሁ ነው። ግን ከማዕከሉ ጋር አብሮ የሚበላሽ ነገር አለ። የኛ ሰው ኳንቲፌሮኑ (የቲቢ የደም ምርመራው) ብዙ ጊዜ ፖዘቲቭ ነው። ድብቅ ቲቢ ለመመዝገብ እንቅፋት መሆን የለበትም፤ ሪፋምፒን የሚባለውን መድኃኒት 4 ወር ወስዶ ይጨርሳል። መወሰድ ያለበት ግን ከንቅለ ተከላው በፊት ነው። ከተተከለ በኋላ ሪፋምፒን ከተጀመረ ሰውነቱ ኩላሊቱን እንዳይጥል የሚወሰደውን መድኃኒት፣ ታክሮሊመሱን፣ ጉበት ላይ አቃጥሎ ደረጃውን ያወርደዋል፣ ሰውነቱም ኩላሊቱን ሊጥለው ይችላል። እና ማዕከሉ ውጤቱን አይቶ «ፖዘቲቭ» ብሎ ፋይል ውስጥ ከወሸቀው፣ ከ8 ወር በኋላ እኛ ጋ ነው የሚገኘው። ያኔ 4 ወር ሲጨመር ስትረስ ቴስቱ ዓመት ሞልቶታል። እንደገና። መዝገቡ ላይ ያለውም «ኢንአክቲቭ» ይሆናል፤ ስሙ አለ፣ ኩላሊት ግን አይቀርብለትም።

ጉለሌ 09፦
እናንተ መንግሥት በሚከፍለው ወንበር ትጣላላችሁ። አዲስ አበባ የሚበዛው ማሽን የግል ነው፣ ከፋዩ ቤተሰብ ነው፣ ሦስቴ መታጠብ ያለበት ሁለቴ ይታጠባል። ጳውሎስ ሆስፒታል መስከረም 2008 ዓ.ም. ንቅለ ተከላ ከጀመረ ጀምሮ ለጋሹ ሕያው ዘመድ ነው። ከሟች የሚመጣ ወረፋ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ «ባለቤቱ ማነው» የሚለው ጥያቄ እዚህ ትርጉሙ ሌላ ነው።

ዘሩ ከአሌክሳንድሪያ፦
ወንድሜ፣ ችግራችሁን አቅልዬ አይደለም፤ ግን ርዕሱ የአሜሪካው ነው። ለራሱ ክር ክፈትበት፣ እንገባለን።

ጉለሌ 09፦
ለጋሹስ ከየት ነው የሚመጣላችሁ? ከኛው አይደለም?

ቤዛ፦
እውነቱን ነው። አዲስ አበባ ያለ ወንድም መጥቶ መስጠት ይችላል። የምርመራውንና የቀዶ ሕክምናውን ወጪ የተቀባዩ ኢንሹራንስ ይሸፍናል፤ የአውሮፕላንና የቤት ኪራይ አይሸፍንም። ለቪዛው ሆስፒታሉ ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤው ከመጠየቁ በፊት ግን እዚያው የደም ዓይነት፣ ክሬአቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ)፣ የሽንት ፕሮቲን፣ ግፊትና አልትራሳውንድ ይታይ፤ ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሰው ለኤምባሲ ከፍሎ ከንቱ እንዳይቀር። ይህን ለበሽተኛው የሚነግረው ሰው ማዕከሉ ውስጥ ካልተቀመጠ፣ ያ የሕያው ለጋሽ 48 በመቶ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚመጣ አሁን ገባችሁ?

ሲስተር ማክዳ፦
ቁጥር ከሆነማ እኔም ልጨምር። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ የወረፋ ጊዜ የሚቆጠረው እጥበት ከተጀመረበት ቀን ነው። ዛሬ ብትመዘገብም ከ3 ዓመት በፊት ማሽን ላይ ከወጣህ 3 ዓመትህ ይያዝልሃል። ዘግይቶ የተላከ ሰው ጊዜው አይጠፋም።

ዘሩ ከአሌክሳንድሪያ፦
«ጊዜው አይጠፋም»! ሦስት ዓመት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ልቡ፣ ደም ሥሩ፣ ሥራው የት ሄደ? ሲስተር፣ ወረቀት ላይ ነው የማይጠፋው። መሥሪያ ቤት ወረፋ አስመሰልሽው።

ቤዛ፦
ደግሞ ልክ አይደለም፤ ለሁሉም አይሠራም። የኩላሊቱ የማጣራት አቅም መለኪያ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ማሽን ሳይጀምር መመዝገብ ይቻላል። የድሮው ቀመር «ጥቁር» የተባለን ሰው ውጤት በ1.159 ያባዛ ነበር። 18 የሆነ ሰው ወደ 21 ይጠጋል፤ «ገና ነህ» ይባላል። በጥር 2023 በወጣው ደንብ ሆስፒታሎች የተመዘገቡትን ሁሉ አሳውቀው፣ በዚህ የዘገየውን ሰው ጊዜ ወደ ኋላ እንዲመልሱለት ተደረገ። የሚያስፈልገው የድሮ ክሬአቲኒን ያለበት የላብ ወረቀት ነው፤ ቀኑ የሚታይ። ግን ልብ በሉ፣ «የተመዘገቡትን»። ላልተመዘገበ ሰው ማን ደብዳቤ ይልካል?

ሲስተር ማክዳ፦
ያ የላቦች ጥፋት ነው፣ የማዕከል ባለቤት ምን አገባው?

የቢሊንጉ ሰው፦
አገባው ያለ የለም። ሳይመዘገብ የቀረበትን ምክንያት ነው የምናወራው፤ አታምታቺ።

ጋሽ ምናሴ፦
ስለ እጥበት ማዕከላት ካሊፎርኒያ ላይ ሕዝቡ ድምፅ የሰጠበት ጉዳይ አልነበረም? ምን ደረሰ?

ሲስተር ማክዳ፦
ጋሼ፣ በ2018፣ በ2020ና በ2022 ሦስቴ ቀረበ፣ ሦስቴም ወደቀ። የሠራተኛ ማኅበር ጉዳይ ነበር፤ ማኅበሩ ሊያደራጃቸው ያልቻላቸውን ማዕከላት በምርጫ ሊጫን ፈልጎ።

የቢሊንጉ ሰው፦
የመጀመሪያውን ለመጣል ብቻ ኩባንያዎቹ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማፍሰሳቸውን ረሳሽው። ለሶሻል ወርከር ሲሆን የለም ይባላል።

ሲስተር ማክዳ፦
አንተ ትርፍ እንጂ ሌላ አይታይህም። ወርሃዊውን የደም ናሙና ማን ነው የሚቀዳው? ቀይ ክዳኑን ቱቦ፣ ከንቅለ ተከላ ላብ በሚመጣው ሳጥን የሚላከውን? ለትርፍ በሚሠራው ማዕከል ያለችው ነርስ ናት። በሱ ነው ፀረ እንግዳ አካሉ የሚታየው፣ በሱ ነው ኩላሊት ሲገኝ የሚመሳከረው።

ቤዛ፦
እውነት ነው፣ በደንብ የሚሠሩ አሉ። ስሙና የተቀዳበት ቀን ሳይጻፍበት ዓርብ ከሰዓት ተቀድቶ መሳቢያ ውስጥ ሰኞን የሚጠብቀውም ቱቦ አለ። ላቡ ይጥለዋል። ወር አመለጠ።

ዘሩ ከአሌክሳንድሪያ፦
ይበቃል። ሜዲኬር ማዕከል በሚያወዳድርበት ድረ ገጽ ላይ የእያንዳንዱ ባለቤት ለትርፍ ይሁን አይሁን፣ የየትኛው ድርጅት እንደሆነ ተጽፏል። ከበሽተኞቹ ስንቱ ወረፋ መዝገብ ላይ እንዳለም በዕድሜ ተስተካክሎ ይታያል። ሲስተር፣ የማዕከልሽን ስም አንፈልግም። ቁጥሯን ብቻ ጻፊልን።

ሲስተር ማክዳ፦
ሺፍት ልገባ ነው። በኋላ።

የቢሊንጉ ሰው፦
ማንም አልከለከለሽም።

ሲስተር ማክዳ፦
ደግሞ ያ ቁጥር የስንት ዓመት አማካይ እንደሆነ መጀመሪያ አይታችሁ ጠይቁኝ።

ጋሽ ምናሴ፦
ልጆች፣ «ደም ማጣራት» ያልኩትን ግን አሁንም አልመለሳችሁልኝም።