«ማኅበረሰብ» እና «ኅብረተሰብ»፦ እድር የትኛው ነው?

የማታዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። የማታ ተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ የሶሲዮሎጂ መግቢያ ጀምረናል። ሞጁሉ እንግሊዝኛ ነው፣ መምህራችን የሚያስረዱን ግን ባማርኛ ነው። ባለፈው ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብለው ጻፉልን፦ «ከገጠር ወጥቶ ከተማ የገባ ሰው ማኅበረሰቡን ትቶ ኅብረተሰብ ውስጥ ይገባል።» ክፍሉ ሁሉ ቀና ደፋ እያለ ገለበጠው፤ እኔም ገለበጥኩ። ቤቴ ገብቼ ሳነበው ግን ጭራሽ ጨለመብኝ። ለእኔ ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸው። ዜናው አንዴ «የኅብረተሰብ ክፍሎች» ይላል፣ አንዴ «የማኅበረሰብ ክፍሎች» ይላል፤ ማንም ሲታረም ሰምቼ አላውቅም። ለሐሙስ የተሰጠን የቤት ሥራ ደግሞ «የሰፈራችሁ እድር ማኅበረሰብ ነው ወይስ ኅብረተሰብ? አስረዱ» ይላል። የምታውቁ እባካችሁ።

ፊደል ቆጥሮ አደር፦
የትኛው ሐሙስ? እዚህ ቤት የተጠየቀ ነገር በሳምንቱ ተመልሶ አያውቅም። ጸሎተ ሐሙስ ከሆነ እንሞክራለን።

አበገደ፦
ልጄ፣ ሁለቱም ያንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። ግንዱ ግእዙ «ኀበረ» ነው፤ አንድ ሆነ፣ ተባበረ። «ኅብረት» የድርጊቱ ስም ነው። «ማኅበር» ግን ባዕድ መነሻ መ ገብቶበት ቦታውን ወይም ጉባኤውን ያመለክታል፤ ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ መቅደስ እንደምንለው። ስለዚህ ኅብረተ ሰብእ የሰው መተባበሩ ነው፤ ማኅበረ ሰብእ የተባበሩት ሰዎች ጉባኤ ነው። በነገራችን ላይ ትክክሉ «ሰብእ» ነው፤ እ-ን ማን እንደዋጣት አላውቅም። የተጠራጠረ የኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ይግለጥ። በሀ ሁ ተራ እንዳትፈልጉት ብቻ፤ በአ በ ገ ደ ነው የተደረደረው።

ቆሎ ተማሪ፦
ጋሽ አበገደ ግሱን ነገሩን፣ ምሥጢሩን ግን ዘለሉት። ከኀበረ ጋር ኅብርም አለ። ኅብር ቀለም ነው። በቅኔ ቤት ደግሞ አንዱ ቃል ሁለት ምሥጢር ሲያዝል ኅብር ይባላል። እንግዲህ ኅብረት ማለት ብዙ ቀለም ሳይጠፋፋ ጎን ለጎን ሲነጠፍ ነው፤ ማኅበር ግን አንድ ቀለም ነው። ከተማው ኅብር፣ ገጠሩ ማኅበር። መምህርሽ ሳያውቁት ቅኔ ዘርፈዋል።

አበገደ፦
ማኅበር አንድ ቀለም ነው ያልከውን ከየት አመጣኸው?

ቆሎ ተማሪ፦
ከዋሸራ ቅኔ ቤት።

ፊደል ቆጥሮ አደር፦
ዋሸራ ስንት ክረምት ከረምክ?

ቆሎ ተማሪ፦
የከረምኩትን ተወውና የያዝኩትን ጠይቀኝ።

ሶሲዮ ምሩቅ፦
እኅቴ፣ ግሱን ለጊዜው አቆዪው። መምህርሽ ያስተማሩሽ የጀርመናዊውን የፈርዲናንድ ቶኒስን ሐሳብ ነው። በ1887 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው ሰው ከሰው የሚተሳሰርበትን ነገር ለሁለት ከፈለው፤ ጌማይንሻፍትና ጌዜልሻፍት። የመጀመሪያው ተወልደሽ የምትገቢበት ነው፤ ዘመድ፣ ቀዬ፣ ጉርብትና፣ አብሮ ማስቀደስ። መተሳሰሩ ራሱ ግቡ ነው፤ እናት ልጇን «ምን አተርፍበታለሁ» ብላ አታጠባም። ሁለተኛው አስበሽ አስልተሽ የምትገቢበት ነው፤ ውል፣ ገበያ፣ ደመወዝ፣ ባንክ። ባለሱቁ ሸጠልሽ እንጂ አልወደደሽም፤ አንቺም ዳቦውን እንጂ እሱን አልፈለግሽም።

የእንግሊዝኛ መማሪያዎች እንኳ እነዚህን ሁለት ቃላት መተርጎም ሲቸግራቸው ብዙ ጊዜ ጀርመንኛውን እንዳለ ይተዉታል። እኛ አገር አስተማሪው «ማኅበረሰብ» እና «ኅብረተሰብ» ብሎ ይገላገላል። አማርኛው ግን ከቶኒስ ጋር የተዋዋለው ነገር የለም። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን በግእዝ ግስ ልፍታ ካልሽ የቶኒስን ሐሳብ ትስቺዋለሽ።

አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር፤ እኔን ተማሪ ሳለሁ ያሳበደኝ ይሄ ነው። ቶኒስ የመንደሩን ትስስር እንደ ሕያው አካል ያየዋል፣ የከተማውን እንደ ማሽን። ፈረንሳዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ኤሚል ዱርኬም በ1893 ተነሥቶ ስሙን ገለበጠው፤ የመንደሩን «ሜካኒካዊ» ማለትም እንደ ማሽን፣ በሥራ ክፍፍል የቆመውን የዘመናዊውን «ኦርጋኒክ» ማለትም እንደ ሕያው አካል አለው። ሁለቱን ምዕራፎች ባንድ ሌሊት ያነበበ ተማሪ ፈተና ላይ ማደባለቁ አይቀርም።

ሃምቡርገኛው፦
ሶሲዮ ምሩቅ ጥሩ ብለሃል፤ ግን ትርጉሙ ከነአካቴው ተገልብጧል ባይ ነኝ። የምሠራበት ድርጅት በር ላይ ስሙ ተጽፎ መጨረሻው «ጌ ኤም ቤ ሃ» ይላል። የመጀመሪያዋ ጌ ጌዜልሻፍት ናት። ይህንኑ ዓይነት ድርጅት ያገራችን የንግድ ሕግ ምን ይለዋል? «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር»። የ1952ቱም ሕግ፣ የ2013ቱም ሕግ «የንግድ ማኅበር» ነው የሚሉት። ስለዚህ ሕግ አውጪው ጌዜልሻፍትን «ማኅበር» ብሎ ሲተረጉም፣ የሶሲዮሎጂ አስተማሪው ያንኑ ማኅበር ወስዶ ለጌማይንሻፍት ሰጠው። ቶኒስ ያስተማረው እዚሁ ቅርባችን ኪል ነው። ቢሰማ ምን ይል ነበር?

አበገደ፦
አክሲዮን ማኅበርን ተወውና መጽሐፉን ተመልከት። በኦሪት ዘፀአት «የእስራኤል ልጆች ማኅበር» ይላል። አክሲዮን ገዝተው አልገቡም፤ ተወልደው ነው የገቡት። ስለዚህ መምህሩ ልክ ናቸው።

ሃምቡርገኛው፦
የጽዋ ማኅበርስ? ማንም ጽዋ ማኅበር ውስጥ አይወለድም። ጠይቆ፣ ተፈቅዶለት ይገባል፤ ተራው ሲደርስ ደግሶ ያበላል።

ቆሎ ተማሪ፦
ጽዋው ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል። ውጭ አገር ስትኖር ረሳኸው እንዴ?

ሃምቡርገኛው፦
የአባቴን ጽዋ ከዚህ ሆኜ ወንድሜ ያወጣልኛል። አልረሳሁም።

ዘማች 67፦
ወጣቶች አንድ ነገር ዘለላችሁ። ቃል የሚሸተው ካደገበት ቤት ነው። «ማኅበር» ዕጣን ዕጣን ይሸታል፤ «ኅብረተሰብ» ግን ለኔ ዘመን ሰው የካኪ ሽታ አለው። በ1967 ደርግ መንገዱን ሲያውጅ መጀመሪያ «ሶሻሊዝም» አላለም፤ «ኅብረተሰብአዊነት» ነበር ያለው። ዘመቻችንም «ዕድገት በኅብረት» ነበር፤ እኔም ከትምህርት ቤት ወጥቼ ዘምቻለሁ። በዚያን ጊዜ ኅብረተሰብ የማይገባበት ንግግር አልነበረም፤ ገበሬውን ሰብስበን «ሰፊው ኅብረተሰብ» ስንለው «ማነው እሱ?» ብሎ ይጠይቀን ነበር። በስሙ የሚያውቀው ሰው መስሎታል። መምህርሽ ያሉት ልዩነት እዚያ ጥያቄ ውስጥ ነበር፤ ማኅበረሰብን ሰው በስም ያውቀዋል፣ ኅብረተሰብን የሚያውቀው መንግሥት ነው።

ሶሲዮ ምሩቅ፦
ጋሼ፣ ይሄ ድንቅ ነው። የመሥሪያ ቤቶቹ አጠራርም ይደግፍዎታል። «የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት» እንላለን፤ ሥራው ለአገር በሞላ ነው። የየወረዳው መድን ግን «ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን» ነው። ባለሥልጣኑ ሳያስበው ቶኒስን ሆኗል።

ፊደል ቆጥሮ አደር፦
ባለሥልጣኑ ሳያስበው የሆነው ብዙ ነገር አለ።

የማታዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ እየጻፍኩ ነው። እድሩስ?

ቆሎ ተማሪ፦
እሱን እንመጣበታለን፤ መጀመሪያ የትምህርቱ ስም ይጥራ። ባማርኛ «ሥነ ማኅበረሰብ» ይሉታል አይደል? ሥነ ከሠነየ ነው፤ አማረ፣ መልካም ሆነ። ሥነ ማኅበረሰብ ማለት የማኅበረሰብ ውበት ነው። አሁን ዳዊት 132ን አውጡ፦ «ናሁ ሠናይ ወናሁ አዳም» ይልና «አኀው ኅቡረ» ብሎ ይዘጋል። ወንድሞች በኅብረት ቢቀመጡ እነሆ መልካም ነው፣ እነሆም ያማረ ነው። ሠናይ አለ፣ ኅቡረ አለ። ሥነ፣ ማኅበር! የፈረንጁ ሊቅ ኦጉስት ኮምት «ሶሲዮሎጂ» ብሎ ስም ያወጣው በ1838 ነው። ዳዊት ስንት ሺህ ዓመት ቀደመው?

ሶሲዮ ምሩቅ፦
ዱርኬም በ1897 ያሳተመው ትልቁ ጥናት ራስን ስለማጥፋት ነው። ውበቱን የቱ ጋ እናድርገው?

አበገደ፦
ሥነ እዚህ ላይ ውበት ሳይሆን አግባብ፣ አኳኋን ነው። ሥነ ሥርዓት፣ ሥነ ምግባር፣ ሥነ ጽሑፍ። «የሥርዓት ውበት» ብሎ የሚተረጉም የለም። ደግሞ የኮምትን ቃል ካነሣህ አይቀር፣ ግማሹ ላቲን ግማሹ ግሪክ የሆነ ዲቃላ ነው። «ሶሲዩስ» በላቲን ባልንጀራ፣ ጓደኛ ማለት ነው።

ፊደል ቆጥሮ አደር፦
ጓደኛ ከሆነ በጋሽ ዘማች አማርኛ «ሥነ ጓድ» መሆኑ ነዋ።

ዘማች 67፦
አንተ ልጅ!

የእድር ጸሐፊዋ፦
እኔ ግእዙን አላውቅም፤ እድሩን ግን አውቀዋለሁ፤ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝና። ለልጅቷ ካልሆናት ትተወው። እድራችን ውስጠ ደንብ አለው፣ በየወሩ መዋጮ አለው፣ ማኅተም አለው። አዲስ ገቢ መግቢያ ከፍሎ ይፈርማል። ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል፤ እኔው ነኝ የምሰርዘው፣ አክስቴም ብትሆን። ቀብር ላይ መዝገቡን ይዤ ስም እጠራለሁ፤ አቤት ያላለ ይቀጣል። እስከዚህ ድረስ የሃምቡርጉ ልጅ በር ላይ እንደተለጠፈው ኩባንያ ነው።

አንዲት አባላችን ግን ቤቷ በልማት ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ከከተማው ጫፍ ገብታለች። እዚያም እድር አላት። የኛንም አልተወችም፤ ጡሩምባ የማይሰማበት ስለሄደች እኔ እደውልላታለሁ፣ ሁለት ታክሲ ይዛ ትመጣለች። ለታክሲ የምታወጣው ከመቀጫው ይበልጣል። «ከምትንከራተቺ መቀጫውን ክፈይ» ብላት ተቆጣችኝ። ደንቡ ነው እንዳልል ደንቡን ከፍላ ማምለጥ ትችላለች። ይሄ በጀርመንኛ ምን ይባላል?

ሶሲዮ ምሩቅ፦
እትዬ፣ ይሄ ራሱ መልሱ ነው! ቶኒስ ሁለቱ ነገሮች በዓለም ላይ ንጹሕ ሆነው አይገኙም ይላል፤ እኛ ለማሰቢያ የለየናቸው ናቸው እንጂ በተግባር ይደባለቃሉ። ዕድር በአሠራሩ ጌዜልሻፍት ሆኖ፣ ሰውን ይዞ በማቆየቱ ጌማይንሻፍት

አበገደ፦
ቆይ ቆይ። «ዕድር» በዐይኑ ዐ ነው የጻፍከው?

ሶሲዮ ምሩቅ፦
ጣቴ ነው። በየትኛው ነው?

አበገደ፦
አደረ ከሚለው ከሆነ፣ ያማርኛው «አደረ» ግእዙ «ኀደረ» ነው፤ ማኅደር ከዚያ ነው። ለቅሶ ቤት አብሮ ማደር፤ እድር። ስለዚህ በዐይኑም በአልፋውም አይደለም፤ በብዙኀኑ ኀ ነበር መጻፍ የነበረበት።

ፊደል ቆጥሮ አደር፦
«ኅድር»? ያ ወር ነው፤ ያውም የኅዳር በሽታ ያለበት።

ቆሎ ተማሪ፦
ማኅደርና ማኅበር! ሁለቱም በኀ፣ ሁለቱም በመ። እድሩ ማኅበር ነው ማለት ነው። ተጠናቀቀ።

አበገደ፦
ፊደል ስለተመሳሰለ ዘመድ ነው ካልን ማኅተምም ማኅበር ነው፤ ማኅፀንም ማኅበር ነው።

ሃምቡርገኛው፦
ማኅፀን ጌማይንሻፍት ነው ቢባል ቶኒስ የሚቃወም አይመስለኝም።

ቆሎ ተማሪ፦
አየህ! ጀርመኑም ከእኔ ጋር ነው።

ዘማች 67፦
ሶሲዮ ምሩቅ የጀመርከውን ሳትጨርስ ቀረህ እኮ።

ሶሲዮ ምሩቅ፦
ስለ ፊደሉ ይቅርታ እየጠየቅኩ ረሳሁት። በኋላ እመለሳለሁ።

የማታዋ፦
ሐሙስ አለፈ። መምህራችን የቤት ሥራውን ሳይሰበስቡ በዚያው ድንገተኛ ፈተና ሰጡን። እድር የሚል የለበትም፤ «ለኢ-መደበኛ ማኅበራዊ ቁጥጥር ሁለት ምሳሌ ስጡ» ነበር ያሉት። እኔ «ሐሜትና መቀጫ» ብዬ ጻፍኩ። ልክ ነኝ?

የእድር ጸሐፊዋ፦
ሐሜቱ ልክ ነው። መቀጫው ግን ደንብ ላይ የተጻፈ ነው፤ መደበኛ አይሆንም?

አበገደ፦
ከሁሉ በፊት «ኢ-መደበኛ» የሚባል ቃል አለ ወይ? መደበኛ ያማርኛ ቅጽል ነው፤ ኢ የግእዝ አፍራሽ ነው። ኢይክል፣ ኢይትከሀል፤ ግስ ላይ ነው የምትገባው። ጭረቷንስ ማን ነው መሀል የሰነቀራት?

ቆሎ ተማሪ፦
ኢአማኒ ግስ ነው እንዴ ጋሽ አበገደ?

አበገደ፦
ኢአማኒ ሁለት እግሩ ግእዝ ነው። ያንተኛው አንድ እግሩ መርካቶ ነው።

ፊደል ቆጥሮ አደር፦
ለዚህ አዲስ ርዕስ ይከፈት።