ኢቮሉሽን በሰው ዕድሜ ሲካሄድ የታየበት ምሳሌ ከዚሁ ከአገራችን አለ?

የጉና ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ሰሞኑን ለ12ኛ ክፍል ኢቮሉሽን እጀምራለሁ።

ዘንድሮም ምሳሌዬ የጋላፓጎስ ወፎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 ዳፍኒ ሜጀር ደሴት ላይ ድርቅ ገባ፣ ትንንሹ ፍሬ አለቀ፣ ጠንካራውን መስበር የሚችሉት ባለ ወፍራም መንቁሮች በብዛት ተረፉ፣ የጫጩቶቻቸውም መንቁር ወፈረ። ተማሪዎቼ ግን «ቲቸር፣ እሱ እዚያ ማዶ ነው» ይሉኛል። ድንቅነሽን ሳነሳ ደግሞ ወሬው ወዲያው «ከዝንጀሮ ነው የመጣነው?» ወደሚለው ይዞርና ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ላብራቶሪ የለንም። ኔትወርክም ሲገኝ ነው። እባካችሁ ቀረብ ያለ ነገር ጠቁሙኝ።

አዝመራ

መምህር፣ ምን ሩቅ አስኬደህ? የስንዴ ዋግን፣ ያንን የፈንገስ በሽታ፣ አምጣላቸው። የገበሬ ልጆች ከሆኑ አንተን ያስተምሩሃል።

ዲገሉ የሚባለውን ስንዴ አስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ብዙ ማሳ ከፈጀ በኋላ ዲገሉ ይችለዋል ተብሎ በሰፊው ተዘራ። በ2013 ባሌና አርሲ ላይ የግንድ ዋግ ገብቶ እሱኑ አወደመው። አገዳውን በጣትህ ስታሸው ዝገት የመሰለ ቀይ ዱቄት ይዞህ ይመጣል። ስንዴው ያው ዲገሉ ነው። የተለወጠው ዋጉ ነው።

የእህል ሐኪም

አዝመራ ያነሳኸው ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ይታረም። ያ የዋግ ዘር አርሲ ላይ አልተፈጠረም። ቀደም ብሎ ቱርክና መካከለኛው ምሥራቅ ታይቷል። እኛ ጋ የተካሄደው ምርጫው ነው፤ ሰፊ መሬት በአንድ ዓይነት ስንዴ ተሸፍኖ ጠበቀውና እሱ ብቻ ነገሠ። ስለዚህ መምህር፣ «እዚሁ ተለወጠ» እንዳይሉ።

ለውጡን ራሱን ማሳየት ከፈለጉ ዩጂ99 የተባለው የግንድ ዋግ ዘር ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1998 ኡጋንዳ ውስጥ ሲገኝ ኤስአር31 የሚባለውን የስንዴ መከላከያ ጂን አልፎ ነበር። ኤስአር24 ግን ያቆመው ነበር። በ2006 ኬንያ ላይ ከዚያው ከዩጂ99 ወገን ኤስአር24ን የሚያልፍ ተገኘ። በዓመቱ ደግሞ ኤስአር36ን የሚያልፍ። አንዱን በር ሲዘጉበት በሌላው ይገባል።

ከጤና ጣቢያ

እኔ ወባን እመርጣለሁ። በቤታቸው ያልገባበት ልጅ ጥቂት ነው።

ጣት ተወግቶ የሚደረገው ፈጣን ምርመራ አለ አይደል? ካርዱ ላይ ቀይ መስመር ከወጣ ወባ አለ ይባላል። መስመሩን የሚያወጣው ፋልሲፓረም የሚሉት የወባ ተሕዋስ የሚያመነጨው ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጎደላቸው ጥገኛ ተሕዋስያን አሉ። እነሱን የያዘ ሰው መስመር አይወጣለትም፣ «ነፃ ነህ» ተብሎ መድኃኒት ሳይወስድ ቤቱ ይመለሳል። ትንኝ ትነክሰዋለች፣ ወደ ሌላው ታደርሳለች። ጂኑ ያላቸው ተሕዋስያን ግን በምርመራው ይገኛሉ፣ በመድኃኒት ይሞታሉ። ጥያቄው ታዲያ ቀላል ነው፦ ከዓመታት በኋላ የትኛው ይበዛል?

ኤርትራ ውስጥ በብዛት ተገኝተዋል። እኛም ጋ ከትግራይ፣ ከአማራና ከጋምቤላ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሞ ይህንኑ አሳይቷል። መመርመሪያችን ሳናስበው መራጭ ሆነ ማለት ነው። በማይክሮስኮፕ ካየኸው ግን ጂኑ ስለጎደለው ብቻ አያመልጥህም።

ተሟጋች

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ዋግ ያው ዋግ ነው፣ ወባም ያው ወባ። ደግሞ ጂን ጎደለ እንጂ ምን አዲስ ነገር መጣ? መምህር፣ ተማሪዎችህ ይህን መጠየቃቸው አይቀርምና ተዘጋጅ።

ጣና ዳር

ተገቢ ጥያቄ ነው። ወደ ጣና ና። ዓሣ አስጋሪው «ነጭ ዓሣ» ብሎ በአንድ የሚጠራው 15 ገደማ ዝርያ ነው። አንዱ ከደለል ትላትል ይለቅማል፣ ሌላው አፉ ሰፊ ሆኖ ዓሣ ይውጣል። የካርፕ ወገን ስለሆኑ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፣ ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። እንዲህ ሆነው እንኳ 8ቱ ዓሣ በል ሆነዋል! አብዛኞቹ ሌላ የትም የሉም። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ ለይቷቸዋል። ይህ እንግዲህ በአንድ ሰው ዕድሜ የሆነ አይደለም።

አዲስ ነገር አልመጣም ላልከው፣ አሜሪካዊው ሪቻርድ ሌንስኪ እ.ኤ.አ. በ1988 በ12 ጠርሙስ ባክቴሪያ ማርባት ጀመረ። ከ30 ሺህ ትውልድ በላይ ካለፈ በኋላ የአንዱ ጠርሙስ ባክቴሪያ ኦክስጅን ባለበት ሲትሬት የተባለውን ንጥረ ነገር መመገብ ቻለ። ቅድመ አያቶቹ ይህን አይችሉም ነበር። እነሱም በረዶ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ አውጥቶ ማወዳደር ይቻላል።

ተሟጋች

የጠርሙሱን ተቀብያለሁ። ስለ ዓሣው አስብበታለሁ።

የጉና ልጅ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። በወባው እጀምራለሁ። ከእምነት ጋር አያይዘው ሲያፋጥጡኝስ ምን ልበል? ደግሞ ክፍል ውስጥ በእጃቸው የሚሠሩት ነገር ብታገኙልኝ።

እትዬ መምህርት

ወንድሜ፣ እኔ ዘንድ ስለ እምነት ክርክር የለም። «ፈተናው የሚጠይቃችሁ ማስረጃውን ነው፣ እሱን እወቁ» ብዬ አልፋለሁ።

ለእጅ ሥራው ማሽላ ይበቃሃል። 50 ነጭና 50 ቀይ ፍሬ ቀይ አፈር ላይ በትንላቸው። ልጆቹ ወፍ ናቸው፤ ቆመው ግማሽ ደቂቃ ይልቀሙ፣ አንድ በአንድ፣ መዛቅ የለም። የተረፈውን ቆጥረህ ለእያንዳንዱ ፍሬ ያንኑ ቀለም አንድ ጨምርና እንደገና በትን። በየዙሩ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጻፍ። ጥቂት ዙር እንደሄድክ ነጩ ይመናመናል። ያኔ «ቀለሙን የቀየረ ፍሬ አያችሁ?» ብለህ ጠይቅ። የሚበዛው ተማሪ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬ የተለወጠ ይመስለዋል። ሲጨርሱ ዶሮ ሳይቀድማችሁ አፈሩን ጥረጉ።