«የሞተ ቋንቋ እንጀራ አይሆንም»

የደብተራው ልጅ፦ ቅዳሜ ለቅሶ ቤት ተቀምጠናል። አንድ ጋሼ የምንላቸው ሰው የወንድሜን ልጅ «ኮሌጅ ምን ልታጠኚ ነው?» አሏት። «ክላሲክስ፣ የጥንት ግሪክና ሮም» አለች። ሰውዬው የንፍሮውን ሳህን አስቀመጡና «የሞተ ቋንቋ እንጀራ አይሆንም፤ የአሜሪካ ጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ሀዋርድ እንኳ በፈረንጅ 2021 ክፍሉን ዘግቶታል» ብለው ፈረዱባት። ቤቱ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እስካሁን ይከነክነኛል። ሀዋርድ እኮ በ1867 ሲመሠረት ጀምሮ ላቲንና ግሪክኛ ያስተማረ ነው። ከጥቁሮች ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ክፍል የነበረው እሱ ብቻ ነበር። የተዘጋውን እንደ ማስረጃ ማቅረብ ምን ይሉታል?

ካልኩሌተር፦ ሰውዬው ምን አጠፉ? የአራት ዓመት ብድር ተከምሮ፣ በላቲን ምን ሊሠራ ነው? እኔ ሁለት ልጅ አስተምሬያለሁ። አንዷ ፋርማሲ፣ አንዱ ኮምፒውተር። ሁለቱም እንጀራቸውን ይበላሉ።

የደብተራው ልጅ፦ ቅኔ የሚቆጥረውን ተማሪ ማን «እንጀራ አይሆንህም» አለው? በግዕዝም አፉን የሚፈታ ልጅ የለም። እሱንም ሞቷል በለና ይለይልን።

ካልኩሌተር፦ ግዕዝን እዚህ አታስገባ። ግዕዝ ቅዳሴ አለው።

ነርሷ፦ ሃሃሃ፣ ወንድም ካልኩሌተር፣ እንጀራ እንጀራ ትላለህ፣ የምትበላበት «ጠረጴዛ» ራሱ ከግሪክ የመጣ ቃል ነው። ትራፔዛ። ጳጳስም ወንጌልም ከዚያው ናቸው።

ካልኩሌተር፦ እኔ የምበላው መሶብ ላይ ነው።

ጉለሌ፦ ሀዋርድን ግን ለቀቅ አድርጉት። የተዘጋው ክፍሉ ነው። ቋሚ መምህራኑ ወደ ሌሎች ክፍሎች ሄደው ኮርሶቹን እንዲያስተምሩ ነው የተባለው። ያኔ ጥቁሩ ፈላስፋ ኮርኔል ዌስት ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ላይ ከሌላ ጸሐፊ ጋር ሆኖ «መንፈሳዊ ጥፋት» ብሎ ጮኸ። ጥሩ። እሱ ግን ሃርቫርድና ፕሪንስተን ያስተማረ ሰው ነው። እዚያ ብር አለ። ፕሪንስተን እንኳ በዚያው ዓመት ክላሲክስ ለሚመረቁ ልጆች ግሪክኛና ላቲንን ግዴታ መሆኑን አስቀርቶታል።

አንባቢ፦ «ክፍሉ ነው እንጂ ትምህርቱ አልተዘጋም» ማለት፣ ቤቱ ፈረሰ እንጂ ሳህኖቹ ጎረቤት አሉ እንደማለት ነው። ጥቁሩ የክላሲክስ ምሁር ፍራንክ ስኖውደን ለአሥርተ ዓመታት ያስተማረው እዚያው ሀዋርድ ነው። የጥቁር ሰው ፊት የተቀረጸባቸውን የግሪክ ማሰሮዎች አንድ በአንድ እያየ፣ የዛሬው ዓይነት የቀለም ጥላቻ በጥንት ግሪክና ሮም እንዳልነበረ ተከራከረ። መጽሐፉ በ1970 ወጣ። ደራሲዋ ቶኒ ሞሪሰንም ሀዋርድ ሆና ክላሲክስ አጥንታለች።

ካልኩሌተር፦ ዋና ትምህርቷ እንግሊዝኛ ነበር። ክላሲክስ ማይነሯ፣ ማለት ተጓዳኝ ትምህርቷ፣ ነው። ታዲያ በማይነር ይያዙት፣ ማን ከለከለ?

የደብተራው ልጅ፦ እሺ፣ ወደ ሀገርህ ና። ኢዛና ድንጋዩን በግሪክኛ፣ በግዕዝና በሳባ ፊደል አስጽፏል። የአክሱም የወርቅ ሳንቲም ጽሑፉ ግሪክኛ ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ደግሞ ከግብፅ የተነሳ አንድ ነጋዴ የእኛን ዞስካሌስ ጠቅሶታል። ገንዘብ ላይ ስስታም፣ በቀረው ጨዋ፣ ግሪክኛ የተማረ ንጉሥ ነው ይለናል። አንተ የምትንቀውን ንጉሥ ይማረው ነበር።

ካልኩሌተር፦ እግዜር ይስጥልኝ! ነጋዴ አልክ፣ ወርቅ አልክ። ያኔ ግሪክኛ የቀይ ባሕር ንግድ ቋንቋ ነበር፣ የዛሬ እንግሊዝኛ በለው። ዞስካሌስ የተማረው ለእንጀራ ነው። ዛሬ ቢኖር ልጁን ኮምፒውተር ነበር የሚያስተምር። ስስታም መሆኑን ራስህ ነገርከን።

ጉለሌ፦ ይቺስ ገብታለች።

አንባቢ፦ ገብታ ሞታለች። ድንጋዩን ዛሬ ማን ያንብብልህ? በፈረንጅ 1906 ሊትማን የሚባል ምሁር ከጀርመን ቡድን ይዞ መጣ፣ የአክሱምን ጽሑፎች ገልብጦ ሄደ። እኛ እሱ የጻፈውን እያገላበጥን እንጨቃጨቃለን። ሁሉም ፋርማሲ ከገባ የሚቀጥለውም ሊትማን ከዚያው ይመጣል።

ነርሷ፦ የጥንቱን የግሪክ ባለቅኔ ሆሜርንም አትርሱ። በግጥሙ በኢሊያድ የአማልክቱ አለቃ ዜውስ ነቀፋ ወደሌለባቸው ኢትዮጵያውያን ድግስ ይሄድና በ12ኛው ቀን ነው የሚመለሰው። ሠርግ ከነመልሱ!

ጉለሌ፦ እህቴ፣ ያ እኛ አይደለንም። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» የሚሉት ከግብፅ በታች ያለውን ነው። የጥንቱ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ዋና ከተማቸው ሜሮዌ ናት ይላል። ሱዳን ናት።

የደብተራው ልጅ፦ ተጀመረ! አንተ ደግሞ ኢትዮጵያ የሚል ቃል ባየህ ቁጥር ወደ ሱዳን ነው የምትሸኘው። ከግብፅ በታች ከሆንን እኛስ የት ነን፣ ከበላይ?

ጉለሌ፦ ካርታ ላስተምርህ ነው? የተጻፈውን ነው ያልኩት።

የደብተራው ልጅ፦ ግሪክኛውን ብታነበው እንዲህ አትልም ነበር።

ጉለሌ፦ አንተስ በግሪክኛ አንብበኸዋል?

የደብተራው ልጅ፦ በትርጉም።

ካልኩሌተር፦ ትርጉሙ ላይብረሪ በነፃ አለ። ብድሩ ታዲያ ለምኑ ነው?