ተመልካችን ምን ብሎ ማመስገን ይቻላል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ የቤተሰብ ተከታታይ ድራማ ደራሲ ነኝ። ማስታወቂያ እንዳይመስል ስሙን ልተወው። ሊያልቅ ሁለት ክፍል ቀርቶታል፣ የምስጋና ጽሑፍ አዘጋጅ ተባልኩ። «ውድ ተመልካቾቻችን» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። የባንክ ማስታወቂያ መሰለብኝ።

እኔ ማመስገን የፈለግኩት እንደ አራት ኪሎዋ ጀበና ቡና ሻጭ ያሉትን ነው። የእናትየው ቀብር በተላለፈ በማግስቱ ጠዋት እሷ ጋ ተቀመጥኩ። ስኒውን አቀረበችልኝና «ወንድሜ፣ ያቺ ልጅ ነጠላዋን እንዴት ነው የለበሰችው?» አለችኝ። አልገባኝም። የራሷን አውልቃ አሳየችኝ። ለቀስተኛ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ ነው የምትለብሰው። የኛዋ ጥለቱን ወደ ታች ለቃ፣ ሰርግ የተጠራች መስላለች! ቀረጻው ላይ ዳይሬክተሩ ነበር፣ አልባሳት ነበሩ፣ እኔም ነበርኩ። ማናችንም ልብ አላልንም። ደግነቱ የሰልስቱን ትዕይንት ገና አልቀረጽንም ነበርና አስተካከልን። ከተላለፈ በኋላ ስሄድ «አሁን ገና አለቀሰች» አለችኝ። የቡናዬንም ሂሳብ አልቀበልም አለች።

የፒያሳ ልጅ፦
በ2016 ሰፈራችን ሲፈርስ ጎረቤቱ ተበታተነ። እናቴና ጓደኛዋ ዛሬ አንዷ ወዲያ፣ አንዷ ወዲህ ናቸው። ድራማ ሲጀምር ይደዋወላሉ፤ እስኪያልቅ ስልኩ አይዘጋም። አንዷ ጋ መብራት ከጠፋ ሌላዋ ትተርክላታለች፣ ያውም ከራሷ እየጨመረች። ለነሱ ምስጋናው ይቅርና መጨረሻውን እንዳታበላሹባቸው።

ሪሞት፦
ምስጋና ከሆነማ «ባለፈው ክፍል» የምትሉትን አሳጥሩልን! እሱ ሲያልቅ ስፖንሰር፣ ስፖንሰሩ ሲያልቅ ሰውየው መኪና ሲያቆም። እኛም እኮ እንጀራ አለን።

የድሮ ሰው፦
ልጄ፣ ቴሌቪዥን በ1957 ሲጀመር ስቱዲዮው እዚሁ ማዘጋጃ ቤት ነበር። ሰፈር ውስጥ ያለው ግን አንድ ቤት ብቻ ነው። ጫማ አውልቀን፣ እግራችን ታይቶ ነበር የምንገባው። ቆሻሻ እግር ያለው በመስኮት ያያል። አንተ ስለ ነጠላዋ የነገርከንን እንዳለ ጻፈው፣ ሌላ አትጨምርበት።

ጠያቂ፦
ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግኩ። ዛሬ ሄጄ «ስምሽን ላስገባ ወይ?» አልኳት። «ስሜ ምን ይሠራልሃል? ይልቅ ልጅቷ ከአባቷ ትታረቃለች?» አለችኝ። ዝም አልኩ።
የቡናውን አስከፈለችኝ።