ጥቆማ፦ ለፕላስቲክ ሞዴል ጀማሪ መቁረጫና ማለስለሻ የቱ ይሻላል?

ጥያቄ፦ የመጀመሪያዬን ሞዴል ልጀምር ነው፤ 1፡72 አውሮፕላን (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ)። ክፍሎቹን ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም ለመቁረጥና ለማለስለስ ምን ልግዛ? ሁሉንም መግዛት አልችልም።

መልስ 1፦ ገንዘብህን መቁረጫው ላይ አውል። ጫፉ ቀጭን፣ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ ባለ ሁለት ስለት መቁረጫ ይበቃሃል፤ ታሚያ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ጥሩ ነው። ጎድ ሃንድ የተባለው ኩባንያ ባለ አንድ ስለት መቁረጫ ቆረጣው የጸዳ ነው፣ ግን ስለቱ ስስ ስለሆነ ወፍራም ፍሬም ወይም ግልጽ ፕላስቲክ ላይ ይሸረፋል። ለጀማሪ አልመክረውም። የሽቦ ፒንሳ ደግሞ ጨፍልቆ ነው የሚበጥሰው፤ ፕላስቲኩ ይነጣል።

ሁለት ጊዜ ቁረጥ። መጀመሪያ ከክፍሉ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ርቀህ፣ ቀጥሎ ጠፍጣፋውን ጎን ወደ ክፍሉ አዙረህ 1 ሚሊ ሜትር አስቀርተህ። የቀረችውን እንጥፍጣፊ በካተር ስስ ስስ አድርገህ ላጣት። በአንድ ቆረጣ ሥሩ ድረስ ከገባህ ፕላስቲኩ ተቦጭቆ ጉድጓድ ይተዋል፤ ያኔ ስቱኮ ካልሞላኸው በቀር ብርጭቆ ወረቀት አያድንህም።

መልስ 2፦ በመቁረጫው እስማማለሁ። ለማለስለሻ ውሃ የሚችል ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 400፣ 600 እና 1000 ግዛ (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል)፤ ሦስቱ ይበቃሉ። ከ400 ወደ 1000 አትዝለል፤ የ400 ጭረት ለ1000 አይጠፋም፣ ቀለም ሲቀባ ፍጥጥ ይላል። ወረቀቱን በባዶ ጣት አትያዘው፤ ጣት ለስላሳ ስለሆነ ጠርዙን ያዶለዱመዋል። በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ለጥፈው። ለክንፍ ጠርዝና ለጎባጣ ቦታ ስፖንጅ ያለው ይሻላል። የመስታወት ሞረድ ቶሎ አያልቅም፣ ለቀጥተኛ ገጽም ድንቅ ነው፤ ጎባጣ ላይ ግን ጠፍጣፋ ምልክት ይጥላል።

ውሃ ውስጥ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምረህ እያረጠብክ አሽ። አቧራው ወረቀቱን አይደፍነውም፣ አየርም ላይ አይበንም። በኤሌክትሪክ መፈግፈጊያ አትሞክር፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

ጥያቄ፦ በክፍሉ ዙሪያ የሚዞረው ቀጭን መስመርስ?

መልስ 3፦ እሱ የቅርጽ ማውጫው ሁለት ግማሾች የተገጠሙበት ነው። አትሸው፤ በካተሩ ጀርባ ፋቀው። የጎማ እግርና የመድፍ አፈሙዝ ዓይነት ክብ ነገር በአንድ በኩል ከታሸ ሞላላ ይሆናል።

የአካሉን ሁለት ግማሾች ስታጣብቅ ቀጭኑን የታሚያ ማጣበቂያ ተጠቀም፤ በማጣበቂያው የለሰለሰው ፕላስቲክ በመጋጠሚያው ትንሽ እስኪወጣ ጫን አድርገህ ያዝ። ከዚያ ለ24 ሰዓት አትንካው! ሳይደርቅ ካሸኸው መጋጠሚያው በኋላ እየደረቀ ሲሰምጥ፣ ጠፋ ያልከው መስመር ከቀለሙ ሥር ተመልሶ ይወጣል።

መልስ 2፦ ለግልጹ መስኮት 1000 መጨረሻ አይደለም። 2000፣ 3000፣ ከዚያ ማወልወያ ክሬም። ሌላውን ክፍል ግን 1000 ላይ አቁም፤ ፕራይመሩ (ከቀለም በፊት የሚቀባው መነሻ ቅብ) የቀረውን ይሸፍናል። ፕራይመር ከመቀባትህ በፊት በለብታ ውሃና በሳሙና፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እጠባቸው፤ የቅርጽ ማውጫው ቅባትና የታሸው ብናኝ ካልወጣ ቀለሙ ይላጣል። ትንንሾቹን በወንፊት እጠብ፣ አለዚያ ከውሃው ጋር ይሄዳሉ።