ሲበርደኝ የሚያመኝ እብጠት፤ «ካንሰር አይደለም» ተብያለሁ፣ ልተወው?

ጠያቂ (መሐል ሜዳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። 31 ዓመቴ ነው። ቀኝ ትከሻዬና ክንዴ ላይ ምስር የሚያካክሉ ጠንካራ እብጠቶች ወጥተውብኛል። አያሳክኩም። ብርድ ሲነካቸው ግን ያንገበግቡኛል። የመንዝን ጠዋት ታውቁታላችሁ፤ ባና ደርቤም አልቻልኩም። አንዷ ተቆርጣ ተመረመረች፤ ወረቀቱ «ሊዮማዮማ፣ ካንሰር አይደለም» ይላል። በቃ ተብዬ ተመለስኩ። ልቤ ግን አላረፈም። እናቴ በ34 ዓመቷ በማዮማ (በማህፀን ዕጢ) ምክንያት ማህፀኗ ወጥቷል። ወንድሟ ደግሞ በኩላሊት ካንሰር ነው ያረፈው። ይገናኛሉ እንዴ?

ሲስተር (ደብረ ብርሃን)፦
እህቴ፣ መጠየቅሽ ልክ ነው። ውጤቱም ልክ ነው፤ እብጠቶቹ ራሳቸው ክፉ አይደሉም። ፀጉርን ከምታቆመው ትንሽዬ ጡንቻ ነው የሚነሱት። ጡንቻዋ ሲበርዳት ስለምትኮማተር ያምሻል።
ግን ኤፍ ኤች በሚባለው ጂን ላይ በዘር የሚተላለፍ ችግር ሲኖር ሦስት ነገሮች አንድ ቤተሰብ ውስጥ ይታያሉ፦ ብዙ የቆዳ ሊዮማዮማ፣ በወጣትነት የሚመጣ ማዮማ፣ የኩላሊት ካንሰር። አንቺ ሦስቱንም ጽፈሻል። አንዱ ብቻ ቢሆን እንዲህ አልልሽም ነበር። የጂኑ ችግር ያለበት አብዛኛው ሰው የኩላሊት ካንሰር አይዘውም። ከያዘ ግን ገና ትንሽ ሳለ ሊሰራጭ ይችላል። ስለዚህ በየዓመቱ ኩላሊትን በኤምአርአይ ማየት ይመከራል። አልትራሳውንድ ትንንሾቹን ሊስታቸው ይችላል።

አባል (አንኮበር)፦
ሰው እንዳይደነግጥ ብዬ ነው። እኔ ጀርባዬ ላይ ሊፖማ አለኝ፣ የስብ እብጠት ነው። ስንት ዓመቱ፣ ምንም አላደረገኝም። ይህን ያነበበ ሁሉ ሰውነቱን ሲዳብስ እንዳያድር።

ሲስተር፦
እውነት ነው ወንድሜ፣ አብዛኛው እብጠት እንዳንተው ነው። የሚያጠራጥረው ዓይነቱና የቤተሰብ ታሪኩ ሲገጥሙ ነው። ለምሳሌ ከቆዳ የቅባት ዕጢ የሚነሳ ሴባሲየስ አዴኖማ የወጣበት ሰው፣ ዘመዶቹ የአንጀት ወይም የማህፀን ካንሰር ካገኛቸው፣ ሊንች የሚባለው በዘር የሚተላለፍ ችግር ይታሰባል። እብጠቱ ለብቻው ሲታይ ምንም አይመስልም።

አባል (ደብረ ሲና)፦
እህቴ፣ ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ። የናሙናውን ውጤት ዋናውን ያዢ። የእናትሽን የኦፕራሲዮን ወረቀትም ፈልጊ። ማን፣ በስንት ዓመቱ፣ ምን እንደታመመ በአንድ ገጽ ጻፊው። ሐኪሙ ጋ ስትገቢ ከእብጠቱ በፊት የአጎትሽን ኩላሊት ንገሪው፤ ስለ ቆዳው ብቻ ካወራሽ ቅባት ታዞልሽ ትመለሻለሽ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ሪፈር ጠይቂ። ለቆዳው አለርት ሆስፒታል አለ፤ ለካንሰር ጥቁር አንበሳ። ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል የምትሄጂ ከሆነም ሂጂ፣ ምርመራውን ግን አታዘግዪ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአምስት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። እሷስ?

ሲስተር፦
መጀመሪያ ያንቺ ይታወቅ፤ የደም ምርመራ ነው። የጂኑ ችግር ካለብሽ እሷ የመውረስ ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ነው። የወንድም የእህቶችሽም እንደዚያው። ልጆች ላይ የኩላሊት ክትትል የሚመከረው ከ8 ዓመት ገደማ ጀምሮ ስለሆነ ለእሷ ጊዜ አላችሁ። እናትሽ ግን አብረውሽ ይመርመሩ፤ ማህፀናቸው ቢወጣም ኩላሊታቸው አልታየም። ለሕመሙ ደግሞ ኒፈዲፒን የሚባል መድኃኒት የሚረዳቸው ሰዎች አሉ፤ የደም ግፊት ስለሚቀንስ ያለ ሐኪም አትጀምሪው።