የ8 ዓመት ልጅ ጥርስ በሁለት ዙር ይታከም ተባለ፤ አሁን ይጀመር ወይስ ይጠበቅ?

እናት፣ ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 8 ዓመቱ ነው። የፊት ጥርሶቹ ከላይም ከታችም ተቀይረዋል፤ የጎኖቹ ግን ገና የወተት ጥርሶች ናቸው። አዲስ አበባ ወስደን ያሳየናቸው የጥርስ ማስተካከል ስፔሻሊስት የላይኛው መንጋጋው ጠባብ እንደሆነ፣ በግራ በኩል የላይ ጥርሶቹ ከታችኞቹ ወደ ውስጥ ገብተው እንደሚገጥሙ፣ አፉን ሲዘጋም አገጩ ወደ ግራ እንደሚሸሽ አሳዩን። ከዚህ ሌላ የላይኞቹ የፊት ጥርሶቹ ወደ ፊት ወጣ ያሉ ናቸው፤ በመካከላቸውም ክፍተት አለ። ሐኪሟ ሕክምናው በሁለት ዙር ቢሰጥ ይሻላል አሉ። አሁን ላንቃውን የሚያሰፋ መሣሪያ ይገጠምለትና ሥራው ሲያበቃ ያርፋል፤ 12 ዓመት ገደማ ሲሆነው ደግሞ ሙሉ ብሬስ (ጥርሶቹ ላይ የሚለጠፍ የማስተካከያ ሽቦ) ይደረግለታል።

ባለቤቴ በአንድ ብሬስ ለሚያልቅ ነገር ለምን ሁለት ጊዜ እንከፍላለን ይላል። አማቴ ደግሞ የወተት ጥርሱ ረግፎ ሳያልቅ ምን ያስቸኩላል፣ ፍንጭቱም ቢሆን ውበት ነው ባይ ናቸው። እኔን ከገንዘቡ ይልቅ ያስጨነቀኝ ልጁን ከትምህርት ቤት እያስቀሩ አዲስ አበባ መመላለሱ ነው። ቢጠበቅ በእርግጥ የሚጎዳ ነገር አለ? በዚህ ያለፋችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ ብትመልሱልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

የጥርስ ሐኪም

እህቴ፣ ልጅዎን ሳላይ ስለ እሱ ቁርጥ ያለ ነገር መናገር አልችልም። ይሁን እንጂ የዘረዘሯቸው ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ስለሆኑ መልሳቸውም አንድ አይደለም።

ስለ ክፍተቱ አማትዎ ልክ ናቸው። ከ7 እስከ 11 ዓመት ባለው ጊዜ በላይኞቹ የፊት ጥርሶች መካከል ክፍተት መታየቱ የተለመደ የእድገት ደረጃ ነው፤ ክራንቻዎቹ 11 ወይም 12 ዓመት ገደማ ወርደው ቦታቸውን ሲይዙ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይዘጋል። እንዲያውም በዚህ ዕድሜ ክፍተቱን በሽቦ ልዝጋልዎ የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ ይጠንቀቁ፤ ገና ያልወጣው ክራንቻ የሚወርደው ከጎኑ ያለውን ጥርስ ሥር ተጠግቶ ስለሆነ፣ ያንን ሥር ያለጊዜው ወደ እሱ መግፋት ሥሩን ሊያስበላው ይችላል።

የፊት ጥርሶቹ ወደ ፊት መውጣት ለብዙ ዓመታት ያከራከረ ነው። በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይናና በፍሎሪዳ እንዲሁም በብሪታንያ ልጆችን በዕጣ ለይተው ከፊሎቹን በልጅነት ጀምረው በሁለት ዙር፣ ከፊሎቹን ደግሞ በጉርምስና ዕድሜ በአንድ ዙር ያከሙ ጥናቶች ተካሂደዋል፤ በመጨረሻው የጥርስ አገጣጠም ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ቀድመው የጀመሩት ያተረፉት ዋና ነገር የፊት ጥርሳቸው በመውደቅና በመጋጨት የመሰበር አደጋው መቀነሱ ነው። ስለዚህ ልጁ በጣም ገጣጣ ካልሆነና ከንፈሩ ጥርሱን የሚሸፍንለት ከሆነ፣ ለዚህ ብቻ ተብሎ በ8 ዓመት መጀመር ግድ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ኳስ ሲራገጥና ከግንብ ላይ ሲዘል የሚውል ልጅ ከሆነ ግን ሒሳቡ ይለወጣል።

የጎኑ ጥርስና የአገጩ መሸሽ የተለየ ነገር ነው። እርስዎም ቤት ውስጥ ሊያዩት ይችላሉ። ቀጥ ብሎ ይቀመጥና የምላሱን ጫፍ ወደ ላንቃው ኋላ አድርጎ አፉን ቀስ እያለ ይዝጋ። ጥርሶቹ መጀመሪያ ሲነካኩ የላይና የታች የፊት ጥርሶቹ መሐል ለመሐል ከገጠሙ በኋላ፣ ነክሶ ሲጨርስ የታችኛው ወደ ጎን የሚንሸራተት ከሆነ፣ ልጁ አፉን በዘጋ ቁጥር ምቹ ቦታ ፍለጋ መንጋጋውን ያንሸራትታል ማለት ነው። በማደግ ላይ ያለ መንጋጋ ይህን ለዓመታት ከለመደ ፊቱ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ የማደጉ ዕድል አለ። ላንቃ ደግሞ ከግራና ከቀኝ አጥንቶች የተገጣጠመ ሲሆን መገጣጠሚያው በልጅነት በቀላሉ ይከፈታል፤ ከጉርምስና በኋላ እየተቆላለፈ ይሄድና በአዋቂ ላይ ቀዶ ሕክምና እስከ መጠየቅ ይደርሳል።

ለባለቤትዎ የምለው፣ የመጀመሪያው ዙር የሚሠራው አጥንቱን ነው። ሁለተኛው ዙር የሚያስተካክላቸው ክራንቻዎችና የጎን ጥርሶች ገና አፉ ውስጥ የሉም። ስለዚህ አንዱ የሌላው ድግግሞሽ አይደለም፤ የመጀመሪያው ሁለተኛውን ያስቀራል ብሎ ቃል የሚገባ ሐኪም ካለ ግን አልስማማም። ጥርሱ የተዛባ ልጅ ሁሉ በሁለት ዙር ይታከም ማለትም ልክ አይደለም፤ ተራ መደራረብ ብቻ ያለበት ልጅ ብዙ ጊዜ ቋሚ ጥርሶቹ እስኪወጡ መጠበቅ ይችላል።

አባት፣ ደብረ ሲና

የእኛ ልጅ ይህንኑ ማስፊያ በ9 ዓመቷ ስላደረገች ከቤት በኩል ያለውን ልንገርዎት። መሣሪያው ከጎን መንጋጋ ጥርሶች ላይ በሲሚንቶ ይጣበቃል፤ መሐሉ ላይ ትንሽ ብሎን አለው። ማታ እናቷ በስልክ መብራት እያየች ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ ትከትና ከፊት ወደ ኋላ ትገፋዋለች፤ አንዱ ግፊት ሩብ ሚሊሜትር ያህል ነው። ቁልፉን ሳያወጡ ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው መግፋት ያስፈልጋል፤ ቀጣዩ ቀዳዳ ከፊት በኩል ሙሉ ለሙሉ ሳይታይ ከወጣ በማግስቱ ቁልፉን የሚያስገቡበት ያጣሉ። ቁልፉ ጉሮሮዋ ውስጥ እንዳይወድቅ ክር አስረንለት ነበር።

ላንቃው ሲሰፋ የፊት ጥርሶቿ መካከል ሰፊ ክፍተት ተከፈተ፤ ሐኪሙ አስቀድሞ ባይነግረን ኖሮ እንደነግጥ ነበር። መክፈቱ ሲያበቃ ክፍተቱ በራሱ ጠበበ፤ መሣሪያው ግን አጥንቱ እስኪሞላ ድረስ ለወራት ሳይነካ እዚያው ይቆያል። ቆሎ፣ ሸንኮራና ማስቲካ ተከልክለዋል፤ በገብስ አገር ልጅን ከቆሎ ማራቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አይጠይቁኝ።

ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ነገር ያስጨርሱ። የየዙሩ ዋጋ ለየብቻ በጽሑፍ ይሰጥዎ። መሣሪያው ቢነቀል መልሶ የሚያጣብቅ የጥርስ ሐኪም ደብረ ብርሃን ላይ ማን እንደሆነ ደግሞ ከሐኪሟ ጋር ተነጋገሩ። የእኛ በክረምት ሲነቀል ጣርማ በርን በዚያ ጭጋግ አቋርጦ አዲስ አበባ መድረስ ነበረብን።

ነርስ፣ መሐል ሜዳ

ስለ ማስፊያ የምጨምረው የለኝም። ነገር ግን በእኛ አካባቢ ከሁሉ የሚቀድመው የወተት መንጋጋ ጥርስን ማዳን ይመስለኛል። ወላጆች ለሚረግፍ ጥርስ ምን አስጨነቀን እያሉ የተቦረቦረውን ያስነቅሉታል። ከዚያ በ6 ዓመት የወጣው ቋሚ መንጋጋ ጥርስ ወደ ባዶው ቦታ ይንሸራተትና ከሥር የሚመጣው መውጫ ያጣል። ከተነቀለ በኋላም ቢሆን ቦታው እንዳይዘጋ የሚይዝ፣ ከቀለበትና ከታጠፈ ሽቦ የተሠራ ቀላል ቦታ ጠባቂ መሣሪያ ጊዜው ሳያልፍ ቢደረግ ብዙ ወጪ ያስቀራል።

ሌላው ግግ ማስወጣት ነው። ሕፃኑ ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው ከድዱ ላይ እብጠት ነው ተብሎ የሚፈለፈለው ያልወጣው የወተት ክራንቻ ነው፤ ከሥሩ ያለው የቋሚው ክራንቻ ጽንስም አብሮ ይጎዳል። ልጅዎ በሕፃንነቱ ይህ ተደርጎበት ከሆነ ለሐኪሟ ይንገሯቸው፤ ክራንቻው መኖሩ በራጅ ሳይታይ የሁለተኛውን ዙር ዕቅድ ማውጣት አይቻልም።

እናት፣ ደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የምላሱን ዘዴ ማታውኑ ሞከርነው፤ ሲነካካ መሐል ለመሐል ይገጥምና ሲነክስ በግልጽ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ባለቤቴም አይቶታል። ግግ አልወጣለትም። አሁን የቀረኝ ጥያቄ ትምህርት እስኪዘጋ ሐምሌን ብንጠብቅ ችግር አለው ወይ የሚለው ነው።

የጥርስ ሐኪም

የጥቂት ወራት መዘግየት የሚያመጣው ጉዳት የለም፤ የማይመከረው 13 እና 14 ዓመት እስኪሆነው መጠበቅ ነው። ይህን ጊዜ ለሌላ ነገር ይጠቀሙበት። የተቦረቦረ ጥርስ ካለው እዚሁ ደብረ ብርሃን ያስሞሉለት፣ አቦራረሹንም ያሻሽል፤ ማስፊያው ሥር ምግብ ስለሚሰገሰግ ንጹሕ ባልሆነ አፍ ላይ መግጠም ችግር ይጨምራል። ሐኪሟ ያስነሱትን ራጅ ቅጂ ይቀበሉ። ለፊት ጥርሶቹ በዚህ ዙር ምን እንደታሰበ ደግሞ ለብቻው ይጠይቋቸው፤ የጎኑን ብቻ አስተካክለው የፊቱን ለሁለተኛው ዙር የሚያቆዩት ከሆነ የአሁኑ ሕክምና አጭር ይሆናል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ መቀነስ አለበት።